የሪሂልዳ ሁለተኛ ባል

«ሪሂልዳ ስትዳር ገና ልጅ ነበረች» አለች የወርቅውሃ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጠበቅ አድርጋ ይዛለች።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1986 ነው፤ ቦታው በርክሌ ዩኒቨርሲቲ፣ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያቀርቡበት ጠባብ ክፍል። ፀጉራቸው ነጭ የሆነው ፕሮፌሰሯ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ከኋላ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ጥሩነህ ተቀምጧል። የሥራ ፈቃድ ወስዶ ከሳን ሆዜ የመጣው ለየወርቅውሃ ሲል ነው። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ እንደ እንግዳ እጁን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ።

የወርቅውሃ ስለ ታሪኳ ስትጽፍ የከረመችው ሴት ከስምንት መቶ ዓመት በፊት በጀርመን አገር የኖረች የመስፍን ልጅ ናት። የሪሂልዳ አባትና የጎረቤቱ መስፍን በአንድ ሸለቆ ይገባኛል ተዋግተው፣ የሪሂልዳ ታላቅ ወንድም ሞተ። ጳጳሱ መሃል ገብተው አስታረቁ። የዕርቁ ማሰሪያ ሪሂልዳ ሆነች፤ ወንድሟን ለገደለው ቤት ልጅ ተዳረች። ባሏ ኢጣልያ ዘምቶ ሲሞት በሕይወት የቀሩት ወንድሞቿ ለሌላ ሽማግሌ መስፍን ሊድሯት አሰቡ። እሷ ግን እምቢ ብላ ኮንራድ የሚባል ሰው አገባች።

«ኮንራድ ፈረስ ይጋልባል፣ የብረት ጥሩር ይለብሳል፣ ጦር ሜዳ ይውላል። ግን ነፃ ሰው አይደለም» አለች የወርቅውሃ። «የጳጳሱ ሎሌ ነው። በዚያን ዘመን ሕግ ደግሞ ልጅ የሚወርሰው የዝቅተኛውን ወላጅ ደረጃ ነው። ስለዚህ ሪሂልዳ ምስክሮች ባሉበት ማዕረጓን ተወች። ልጆቿም የጳጳሱ ሎሌዎች ሆነው ተወለዱ። ወንድሞቿ ከዚያ በኋላ ስሟን አላነሡም።»

«ለምን ይመስልሻል እንደዚያ ያደረገችው?» ሲሉ ጠየቁ ፕሮፌሰሯ።

«ስለወደደችው ነዋ!» አለች የወርቅውሃ። ከወረቀቷ ቀና ብላ፣ የሰዎቹን ራስ ሁሉ አሻግራ፣ ጥሩነህን አየችው። «ለእሱ ስትል ራሷን ዝቅ አደረገች። ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር እኔ አላውቅም።»

ዓይኗ የቀረውን ተናገረ። ጥሩነህ ግን አንገቱን ደፋ። ተማሪዎቹ ሲያጨበጭቡላት እሷም አፍራ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። እንደገና ቀና ስትል ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል፣ በአደባባይ ስጦታ ሰጥታ ስጦታው እግሯ ሥር የተመለሰባት ሴት ሆና ቆመች።

※

ጥሩነህንና የወርቅውሃን ያገናኛቸው አንድ ግቢ ነው። አባቷ ፊታውራሪ ነበሩ፤ የጥሩነህ አባት ባዩ ደግሞ የፊታውራሪ ጠመንጃ ያዥ። እሷ ከዋናው ቤት፣ እሱ ከጓሮ ካለው ቤት አደጉ። ጥሩነህ ከልጅነቱ ጀምሮ በዕድሜ የምታንሰውን ልጅ «እትዬ» እያለ እንዲጠራት ተምሯል። አብዮቱ ሲመጣ ዋናው ቤትም የጓሮው ቤትም ተወረሰ፤ አባቶቹም በየተራ አለፉ። እሷና እናቷ በኬንያ በኩል፣ እሱ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ክርስትና ላይ ተገናኙ። የዚያን ቀን የወርቅውሃ ከወንበሯ ተነሥታ «አንተ ነህ?» አለችው። እሱም መልስ ሳይሰጥ ለረጅም ጊዜ ሳቀ። ፍቅራቸው የጀመረው ከዚያ ሳቅ ነው።

አሁን ግን ስልኩን አያነሣም። አብሮት የሚኖረው ልጅ ሁልጊዜ «ወጥቷል፣ ኮል እንዲያደርግልሽ እነግረዋለሁ» ይላታል። ስትጠብቅ ሰንብታ፣ አንድ ቀን ከክፍል እንደወጣች ባርት በሚባለው ባቡር ተሳፍራ ፍሪሞንት ወረደች፤ ከዚያ በአውቶቡስ ሳን ሆዜ ገባች። ጥሩነህ ቴክኒሺያን ሆኖ ከሚሠራበት የኮምፒዩተር ቺፕ ፋብሪካ ፓርኪንግ ውስጥ፣ የእሱን አሮጌ ሰማያዊ ዳትሰን መኪና ፈልጋ አጠገቡ ቆመች።

የቀን ሺፍት ሲወጣ ከሰው መሃል ለየችው። የመታወቂያ ባጁ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሲያያት እርምጃው ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መጣ።

«እትዬ የወርቅውሃ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ምን አደከመዎት?»

በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር።

«እንደሱ አትጥራኝ።»

«ሌላ ምን ብዬ ልጥራዎት? ለእኔ ሲሉ ዝቅ ሊሉ ነው አይደል?»

«ጥሩነህ፣ እኔ የተናገርኩት ታሪክ ነው። የሞተች ሴት ታሪክ!»

«ስትናገሪ የምታዪው ግን እኔን ነበር» አለ። «እርስዎ» ማለቱን ትቶታል፤ ድምፁም ከንዴት ወደ ሐዘን ወርዷል። «አባቴ የአባትሽን ጠመንጃ ተሸክሞ ከበቅሎው ኋላ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ከአባቴ ኋላ እሮጣለሁ። ይሄን አልክድም፤ አላፍርበትምም። ግን በረሃውን ሳቋርጥ ለራሴ አንድ ነገር ነግሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ ከማንም ኋላ አልሄድም። አንቺ ከበቅሎሽ ወርደሽ ካገባሽኝ፣ ዕድሜ ልኬን መውረድሽን ሳስታውስ ልኖር ነው። ስንጣላ ታስታውሺኛለሽ። ስንታረቅ ደግሞ ራሴ አስታውሰዋለሁ።»

«እኔ እንደዚያ አስቤ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ሳታስቢው ነው ከአፍሽ የወጣው፤ የከፋኝም እሱ ነው።» የመኪናውን ጣሪያ ደገፍ አለ። «ያ ሰውዬ፣ ኮንራድ ያልሽው፣ ምን አለ? ልጆቹ በእሱ የተነሣ የሰው ሎሌ ሆነው ሲወለዱ ምን ተሰማው? እሱን የጠየቀው አለ?»

ኮንራድ በዚያ ሁሉ ሰነድ ውስጥ የተጠቀሰው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በስሙ። የወርቅውሃም ያን ሁሉ ዘመን ስታነብ ስለሰውዬው አንድም ቀን አልጠየቀችም።

«እሑድ ደግሞ አክሊሉ ለጋብቻ የላካቸው ሽማግሌዎች እናንተ ቤት ይመጣሉ አሉ» አለ ጥሩነህ። «የሰማሁት ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው፤ ካንቺ አይደለም።»

«እምቢ ልላቸው ነው እኮ!»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንዳትከፋ ብዬ።»

«አየሽ?» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። «የሚከፋውንና የማይከፋውን ነገር እንደሚመርጡለት ልጅ።»

ግን ትቷት አልሄደም። የመኪናውን በር ከፈተላትና እስከ ፍሪሞንት ሸኛት። ብርድ እንደማይስማማት ስለሚያውቅ ማሞቂያውን ወደ እግሯ አዞረላት። የወርቅውሃ መስኮቱን እያየች እንባዋን የዋጠችው በዚያ ሙቀት ነው። ቢጨክንባት ኖሮ ትችለው ነበር።

※

የቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይ ከቴሌግራፍ አቬኑ በኩል ወደ ትንሿ አፓርታማ ይገባል። ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ የየወርቅውሃ እናት፣ ከላውንደሪ የመጣውን ልብስ ሶፋው ላይ ዘርግተው እያጠፉ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የአሜሪካኖች ልጆች ይጠብቃሉ፤ ቅዳሜ የራሳቸው ናት። ዛሬ ግን ቤቱን ለነገው እንግዳ ሲያሰናዱ ውለዋል።

«ነይ ያዢልኝ» አሉ፣ ትልቁን አንሶላ አንሥተው።

እናትና ልጅ አንሶላውን በየጫፉ ይዘው ፊት ለፊት ቆሙ።

«እማዬ፣ ነገ እምቢ ልላቸው ነው። አስቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው» አለች የወርቅውሃ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ አልደነገጡም። አንሶላውን ወጠር አደረጉት።

«ለዚያ ለባዩ ልጅ ስትዪ?»

«እሱ ትቶኛል። እምቢ የምለው ለራሴ ነው።»

«አክሊሉ ምን ይወጣለታል? የተማረ ነው፤ ጨዋ ነው። አያቱ...»

«አያቱን አላገባም፣ እማዬ። ጥሩነህን በዘሩ ምክንያት እንደማይወዱት አውቃለሁ። ግን የቱ መሬት፣ የቱ ግቢ ቀረንና ነው...»

«ዘር!» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ። ሳቃቸው ደረቅ ነበር። «የሰው ልጅ ሽንት ጨርቅ ስቀይር እየዋልኩ የምን ዘር ነው የምቆጥረው? ዘር መሰለሽ?»

አንሶላውን አጠፉት፤ ጫፍ ለጫፍ ሊያገናኙ ወደ መሃል መጡ። ወይዘሮ ሸዋረጋ የልጃቸውን ጫፍ ተቀበሉ፤ ግን ወደ ኋላ አልተመለሱም። እዚያው፣ ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«የዚያችን የጀርመን ሴትዮ አያቶች በስም በስማቸው ትቆጥሪያቸዋለሽ» አሉ። «የእኔን ሠርግ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

የወርቅውሃ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አጎቴን የገደሉት የአባትሽ ወገኖች ናቸው። ይሄን አልሰማሽም፤ በቤታችን አይወራማ። ደሙ እንዲደርቅ ሁለቱ ወገኖች ተማማሉ፤ ዕርቁ እኔ ነበርኩ። በሠርጌ ማግስት አማቴ አጎረሱኝ። እጃቸውን አየሁት። ይሄ እጅ ነው የአጎቴን ገዳዮች ያጎረሰው አልኩ በሆዴ። ግን ዋጥኩት። እንባዬንም ጉርሻውንም አብሬ ዋጥኩት። ያን ቀን ባልውጠው ኖሮ ዛሬ ስንቱ ሰው አይኖርም።»

«አባቴን... አይወዷቸውም ነበር?»

«ኋላ ወደድኩት። አንቺን ከወለድኩ፣ ታሞ ካስታመምኩት በኋላ። ጥሩ ሰው ነበር አባትሽ፤ እኔን ገፍቶኝ አያውቅም። ግን ወድጄው አልሄድኩም። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው የቱ ፍቅር፣ የቱ ልማድ እንደሆነ ለይቼ አላውቀውም። ያቺ ሴትዮ የመጀመሪያ ባሏን ትጠላው ነበር?»

«ሰነዱ አይልም፣ እማዬ።»

«አይልማ። ማን ይጠይቃታል?»

ጠረጴዛው ላይ ለነገ እንግዳ የተደረደረውን ብርጭቆ ሁሉ ፀሐዩ አብርቶታል። ወይዘሮ ሸዋረጋ አንሶላውን ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«ያ ልጅ በሩን ሲያንኳኳ ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። የእኔ ፊት እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ያኔ... ቀናሁብሽ፣ ልጄ። እናት በልጇ ትቀናለች? ትቀናለች ለካ! አንቺ በገዛ እግርሽ ሄደሽ የወደድሽውን ይዘሽ ከመጣሽ፣ እኔ ያን ሁሉ የዋጥኩት ለምን ነበር? የምትሠሪው ልክ ከሆነ፣ የእኔ ምን ሊባል ነው?»

የወርቅውሃ እናቷን ከነአንሶላው አቀፈቻቸው። ያ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ የምታውቀው ትከሻ በክንዷ ውስጥ ሲሟሽሽ ተሰማት። የፊታውራሪ ሚስት መሆናቸው ቀርቶ፣ የሰው ቤት ገብታ ምግብ አልዋጥ ያላት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ያቀፈች መሰላት።

※

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ትልቁ አቶ ጌታቸው ናቸው፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረዋል። የአገር ቤቱን ወግ ሳያጓድሉ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ጤናው ካነሡ በኋላ «እንግዲህ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው» አሉ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጄን እኔ አልሰጣትም። ይቺውላችሁ፤ እሷን ጠይቋት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የወርቅውሃም እናቷን አየች።

«አክሊሉ መልካም ሰው ነው» አለች። «ንቄው አይደለም። የምወደው ሰው አለ። ያ ሰው እኔን አልፈልግም ቢልም መልሴ ይሄው ነው፤ ከእሱ ጋር ሆኜ ሌላ ሰው እያሰብኩ አክሊሉን ልበድለው አልፈልግም።»

አቶ ጌታቸው «በግልጽ መነገሩ ለእሱም ክብር ነው» አሉና ባርኔጣቸውን አነሡ።

በሩ ሲዘጋ ወይዘሮ ሸዋረጋ ያልተነካውን ዳቦ ቆርሰው አንዱን ለልጃቸው ሰጡና ሌላውን ራሳቸው በሉ። ምን ያህል ርቧቸው እንደነበረ ያወቁት ያኔ ነው።

በዚያው ሳምንት የወርቅውሃ ለጥሩነህ ጻፈች።

«ጥሩነህ፤ ስለ ኮንራድ የጠየቅኸኝን ፈልጌ አጣሁት። ማንም አልጻፈውም። እኔም ሌሎቹ እንዳደረጉት ነው ያደረግሁት፤ የእሷን መውረድ ሳደንቅ እሱ ሰው መሆኑን ረሳሁት። አንተንም እንደዚያው። ዝቅ ብዬ የምደርስብህ ቦታ ላይ አይደለህም፤ ሆነህም አታውቅም። ለሽማግሌዎቹ የመለስኩትን ሰምተህ ይሆናል፤ ለአንተ ብዬ የከፈልኩት አድርገህ እንዳትቆጥረው፤ ለራሴ ነው። ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንተ ምን ትፈልጋለህ? መልስህ መለያየት ቢሆን እንኳን ካንተ ልስማው።»

ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ ስትከተው ልቧ ቀለላት። እርግጠኛ ስለሆነች አልነበረም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን የማታውቀውን ጥያቄ ስለጠየቀች ነው።

※

መልሱ ቶሎ አልመጣም። የወርቅውሃ ሥራዋን ቀጠለች፤ ማታ ማታ ግን ከእናቷ ጋር ቁጭ ብላ ስለዚያ ሠርግ ትጠይቃቸዋለች። ወይዘሮ ሸዋረጋም መጀመሪያ ቆጠብ፣ በኋላ ዘርገፍ እያደረጉ ይነግሯታል። አንዳንዴ ይስቃሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ «ዛሬ ይበቃኛል» ብለው ይነሣሉ።

ከዚያ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ።

«ሐይቁ ጋ ነኝ» አለ ጥሩነህ።

ሜሪት ሐይቅ ዳር፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ አገኘችው። ኮቱ ርሷል። ዳክዬዎቹ ከውሃው ወጥተው ሣሩ ላይ ይንጎራደዳሉ። ተያዩ እንጂ አልተጨባበጡም።

«ያዘገየኝ ኩራት እንዳይመስልሽ» አለ። «ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስጠየቅ ጊዜ መልሱ ጠፋኝ። ተቆጥቼ መሄድ ቀላል ነበር፤ የምፈልገውን ማወቅ ነው የከበደኝ።»

«አሁንስ?»

«የምፈልገው ስሳሳት ተሳሳትክ እንድትዪኝ ነው፤ ሳታዝኚልኝ። የሚከፋኝን ነገር እንድትነግሪኝ። እኔም አንድ ነገር አለብኝ፤ የዚያን ግቢ አጥር ማንም ሳያሸክመኝ በትከሻዬ ተሸክሜ እዚህ ድረስ አምጥቼዋለሁ። አንቺ አንድ ቃል ስትስቺ አጥሩን መሃላችን ያቆምኩት እኔ ነኝ።» ትንፋሹን ሳበ። «አንቺን እፈልጋለሁ፣ የወርቅውሃ። ከመጀመሪያውም አንቺን ነው። ግን ተደብቄ አይደለም። እናትሽ በር ላይ አስቁመው የሚሸኙኝ ከሆነ ደግሞ አልችለውም።»

«ና እንሂድ።»

«አሁን? እንደዚህ ረስርሼ?»

«አሁን!» አለችና እጁን ያዘችው። ቀዝቅዟል። እየጎተተችው አልሄደችም፤ እየተከተለችውም አይደለም። የእግረኛው መንገድ ለሁለት ሰው ይጠባል፤ እነሱ ግን ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ጎን ለጎን ሄዱ።

የአፓርታማውን በር በቁልፏ ከፈተች። ወይዘሮ ሸዋረጋ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቅዝቃዜ ሲሆን ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ብርድ ልብስ አልብሰውታል። ጥሩነህ ደፉ ላይ ቆመ። ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል። አባቱ ያደርጉት እንደነበረው ወገቡን ሰበር አድርጎ እጅ ሊነሣ ጀመረ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ብርድ ልብሱን ወደ ጎን አሉት። የወንበሩን ክንድ ተደገፉ። አንዴ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። የወርቅውሃ ልትደግፋቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት። እንደገና ሞከሩ፤ ተነሡ። ቀጥ ብለው፣ ለታላቅ እንግዳ እንደሚነሡት ሆነው ቆሙ።

«ኖር!» አሉ።

ጥሩነህ ያጎነበሰውን ወገቡን መለሰ። ለዚህ ቃል የሚሰጠውን መልስ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እሱ ግን ከዚያ ቤት ማንም ሰው ተነሥቶለት ስለማያውቅ፣ አፉ ውስጥ ያለው ቃል አልወጣ አለው።

«በእግዜር...» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «በእግዜር ይቀመጡ፣ እናቴ።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ግን አልተቀመጡም። እሱም አልተንቀሳቀሰም። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፤ ነገ ምን እንደሚሆን፣ ማን ምን እንደሚል ገና አንዳቸውም አያውቁም። የወርቅውሃ በሁለቱ መካከል ቆማ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እሱን አየች። ማንንም ከማንም ጋር ማስታረቅ እንደማይጠበቅባት ሲገባት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳታውቀው ይዛው የኖረችው ትንፋሽ ቀስ ብሎ ወጣ።